ለዶሮዎቼ ነው

ባለፈው ጥር የዘመድ ሰርግ ጠርቶኝ አሰላ ሄድኩ። በማግስቱ ጠዋት የቤቱ ሰው ሳይነሳ ማልጄ ወጣሁ። ባጃጆቹ ገና አልተንጫጩም። አንድ ዳቦ ቤት አጠገብ ስደርስ የባሕር ዛፍ ጭስ ሽታ፣ ጠርዙ ላይ ትንሽ ካረረ ዳቦ ሽታ ጋር ተቀላቅሎ አፍንጫዬን ሞላውና ቆምኩ። ገባሁ። ከባንኮኒው ጀርባ ያለችው ልጅ ትኩሱን ልታነሳልኝ ስትል፣ ጥግ ላይ አንድ ከረጢት አየሁ።

«ያ ምንድን ነው?» አልኳት።

«እሱ የትናንት ነው፣ እማማ። ለእርስዎ አይሆንም።»

«ያደረ ማለትሽ ነው?»

«አዎ።»

«እንግዲያው ከእሱ ስጪኝ» አልኳት፤ ሳቄም አመለጠኝ። ልጅቷ ግራ ገብቷት ታየኛለች። ነገሩን ላስረዳት ብል ከአክስቴ ከዘነቡ መጀመር ነበረብኝ፤ ከኋላዬ ደግሞ ሰው ተሰልፏል። ዳቦዬን ይዤ ወጣሁ።

አክስቴ ዘነቡ እኛ ቤት በመጣችበት ጊዜ ስምንት ዓመት ሊሆነኝ ነበር። አባቴ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበር፤ ከመንዝ ተሹሞ መጥቶ አሰላ ላይ የቀረ። የምንኖርባት የኪራይ ቤት ክዳኗ ሣር ነበር፤ ክረምት ሲገባ ከውጭ ይልቅ ከውስጥ ትዘንብ ነበር ማለት ይቻላል። እማዬ ድስቱን፣ ገበቴውን፣ ሳፋውን በየጠብታው ሥር ስትደረድር ለእኔ ጨዋታ ይመስለኝ ነበር። በዚያ በቀደመው ክረምት ግን ታናሽ ወንድሜን ሞላን ሳል ይዞት፣ የጭላሎ ብርድ ተጨምሮበት፣ ከእጃችን ሊያመልጥ ትንሽ ነበር የቀረው። ከዚያ በኋላ አባባ ማለ። ዳር ላይ ቦታ ገዛ፣ ግድግዳውን አቆመ፣ አስመረገ። የቀረው ክዳን ነበር። «የሚመጣው ክረምት ቆርቆሮ ሥር ነው የሚያገኘን» አለ። ቆርቆሮ ግን የሚገዛው ከምንበላው ላይ ተቀንሶ ነበር።

ይህን የሰማችው ታላቅ እህቱ፣ አክስቴ ዘነቡ፣ የፋሲካ ሰሞን ከሲሬ በበቅሎ መጣች። ባሏ የሞተባት፣ ቀጭን፣ ፈጣን ሴት ናት። ከበቅሎዋ ወርዳ ውሃ እንኳ ሳትጠጣ ጓዳ ገባች፤ ጤፉን በእጇ ዘግና አየችው፣ ቅቤውን አሸተተችው፣ የዳቦውን መሶብ ከፈተችና ቀና አለች።

«ይኼን ዳቦ ከየት ነው የምትገዙት?»

«ከፉርኖ ቤት ነዋ» አለች እማዬ። ፉርኖ ቤት የምንለው ጣልያን ትቶት በሄደው ትልቅ ምድጃ የሚጋገርበትን ነው። ያኔ አንድ የመናዊ ሰውዬና ሚስቱ ያሠሩት ነበር።

«ትኩሱን?»

«ታዲያ ምኑን ልግዛ?»

«ያደረውን! በጓሮ በር በግማሽ ዋጋ ይሰጣሉ አሉ። ዳቦ ሲያድር ምኑ ይጎድላል?»

እማዬ የባላምባራስ ልጅ ናት። ይህን እኛም፣ ጎረቤቱም፣ የባላምባራሱን ስም ሰምቶ የማያውቀው የሥጋ ሻጩ ልጅ ሳይቀር ያውቅ ነበር። ፊቷ ቀላ።

«እትዬ ዘነቡ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ያደረ ዳቦ እኔ ቤት አይገባም። ልጆቼም አይበሉም።»

እኔ በሩ ሥር ተቀምጬ ይህን ስሰማ ደነገጥኩ። ምክንያቱም በዚያው ሳምንት ጎረቤታችን ስትንቀጠቀጥና ስታጓራ አይቼ፣ ምን ሆና ነው ብዬ ስጠይቅ «ዛር አድሮባት ነው» ተብዬ ነበር። እንግዲህ ሰው ላይም ያድራል፣ ዳቦ ላይም ያድራል ማለት ነው። እማዬ ቤት አይገባም ያለችው ለዚህ ነው አልኩ። አክስቴ ደግሞ ምንም የማትፈራ ጀግና መሰለችኝ።

ማታ አባባ ገባና ሁለቱንም አዳመጠ። ጢሙን አሻሸ። በመጨረሻ ወደተኛው ወንድሜ ዞር ብሎ አየና «አስካለ፣ እስከ ክረምት ብቻ» አላት። እማዬ እኔን ጠርታ ጆሮዬን ያዝ አድርጋ፣ «ከአክስትሽ ጋር ትሄጃለሽ። በዋናው መንገድ እንዳትሄዱ። ማንም ቢጠይቅሽ አታውቂም» አለችኝ።

በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ ከአክስቴ ጋር ወጣን። በአጥሮች መሐል፣ ጤዛው እግሬን እያራሰው፣ በጭቃው እየተንሸራተትኩ። የፉርኖ ቤቱ ጓሮ ሞቃት ነበር። የምድጃው ግድግዳ ከውጭ በኩል እንኳ ይሞቃል፤ አንዲት ድመት ጀርባዋን ለጥፋበት ተኝታለች። የባለቤቱ ሚስት አዴ ሙሚና የአርሲ ሴት ናት፤ ወፍራም፣ ደረቷ በዱቄት የነጣ። አክስቴን ስታይ ፊቷ በራ።

«አከም ቡልቴ?» አለቻት።

«ነጋ፣ ነጋ! አከም ቡልቴ?»

ከዚያ ሁለቱም ዳቦው ላይ ጎንበስ ብለው «ዳቦ ቡሌ» እያሉ ማውራት ጀመሩ። እኔ ከሰፈር ልጆች ጋር ስጫወት ኦሮምኛ ትንሽ ለምጃለሁ፤ «አከም ቡልቴ» እንዴት አደርሽ ነው፣ «ነጋ» ደህና፣ «ቡሌ» ደግሞ አደረ። ስለዚህ ሁለቱ ሴቶች ዳቦውን እንዴት አደርክ እያሉት ነበር። ትክክል ነው አልኩ በልቤ። ውስጡ የገባውን ነገር እንዳያስቆጡት በሰላምታ እያባበሉት ነው።

አክስቴ ከዳቦው መምረጥ ታውቅበታለች። በጣቷ ቆርቆር አድርጋ ድምፁን ትሰማለች። ጎኑ የተቦደሰውን፣ ሥሩ ያረረውን፣ ሁለቱ ተጣብቀው አንድ የሆኑትን ትለያለች። «ያረረው በቢላ ይፋቃል፣ የተቦደሰው ያው መቆረሱ አይቀርም» ትላለች። አዴ ሙሚና ትስቅና ከላይ አንድ ትጨምርላታለች።

መሶቡን ልንሸፍን ስንል ሌላ ሴት መጣች። ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ተከናንባለች። ፊቷ ባይታይም ጫማዋን አወቅሁት፤ ቡናማ፣ በጎኑ ዘለበት ያለው። አሰላ ውስጥ እንደዚያ ያለ ጫማ የነበራት የዳኛው ባለቤት ወይዘሮ የሺመቤት ብቻ ነበረች። ቤታቸው ከእኛ ቤት ከፍ ብሎ ነው፤ በግቢያቸው ጽጌረዳና ጥቅል ጎመን ተተክሏል። እማዬ አንድ ነገር ስትሠራ ሁልጊዜ «ወይዘሮ የሺመቤት ብታይ ምን ትላለች?» ትል ነበር።

ሴትዮዋ እኛን ስታይ ቀጥ አለች። ከዚያ በቀጭን ድምፅ፣ «ለዶሮዎቼ ነው» አለች።

አክስቴ ፊቷን ሳትለውጥ «እኛም ለዶሮ ነው» አለች።

«ዶሮ ዳቦ ይወዳል።»

«እጅግ በጣም።»

አዴ ሙሚና ወደ ምድጃው ዞራ ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ጀመር።

መንገድ ላይ አላስችል አለኝና «አክስቴ፣ እኛ ዶሮ የለንም እኮ» አልኳት።

«አለን እንጂ» አለች። «አንዷ አንቺ ነሽ። ሌላው ሞላ ነው። ዋናው አውራ ዶሮ አባትሽ ነው።»

ይህ ገባኝ። ግን የወይዘሮ የሺመቤት ልጆች አድገው፣ አግብተው፣ ከአሰላ ሄደዋል። ስለዚህ የእሷ ዶሮዎች እውነተኛ ዶሮዎች መሆን አለባቸው። በየጠዋቱ ዳቦ የሚበሉ ዶሮዎች! እንቁላላቸው ምን ያህል ይሆን እያልኩ ሳስብ ቤት ደረስን።

አክስቴ ዳቦውን ውሃ እፍ አለችበት፣ በእርጥብ ጨርቅ ጠቀለለችው፣ ድስት ውስጥ ከታ ከድና ፍም ላይ ጣደችው። ትንሽ ቆይታ ስትከፍተው እንፋሎቱ ተነሳ። ቆዳው መልሶ ተንኳኳ፤ ውስጡ ልክ እንደ ትኩስ ለስልሶ ነበር። እኔ ግን አልነካሁም። መጀመሪያ አባባ ይብላና ምን እንደሚሆን ልይ አልኩ። አባባ ቆረሰ፣ አላመጠ፣ ዋጠ። ከዚያ ዓይኑን ጨፈነ፣ አፉን ከፈተ፣ መላ ሰውነቱን አንቀጥቅጦ አነጠሰ።

«አደረበት!» ብዬ ጮህኩና ከአልጋ ሥር ገባሁ።

ጉዳዩን ከእኔ አውጥተው እስኪረዱ ብዙ ጊዜ ፈጀባቸው። ሲረዱ አባባ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። አክስቴ አልጋው ሥር ጎንበስ ብላ፣ «ልጄ፣ እኔም እኮ እዚሁ ነው ያደርኩት። ዳቦውም እንደኔ ተኝቶ ነው ያደረው» አለችኝና ቁራሹን ዘረጋችልኝ። በላሁ። ሥሩ ላይ የምድጃው አመድ ጣዕም ነበረው። እስከ ዛሬ እንደዚያ የጣፈጠኝ ዳቦ የለም።

እማዬ ግን አልሳቀችም፤ አልበላችምም። ለራሷ በትንሽ በትንሹ እንጀራዋን ትጋግራለች፤ ጤፉም በዚያ ዓመት ተወዶ ስለነበር ብዙ ጊዜ ሳትጠግብ ትነሳለች። ዳቦውን ለእኛ ስትሰጠን እንኳ ፊቷን ወደ ሌላ ታዞራለች። አክስቴ ምንም አትላትም። ጎረቤት ፊት ግን እንደልቧ ነበረች፤ እማዬ «እትዬ ዘነቡ፣ ቀስ ይበሉ፣ ሰው ይሰማል» ስትላት፣ «ሰማ፣ ታዲያ ምን ይሁን?» ትላለች።

አንድ ቀን እማዬ ከአዲሱ ቤት ሥራ ቦታ ዝናብ ያጠበውን ግድግዳ መልሳ ስታስመርግ ውላ ገባች። የበልግ ዝናብ መትቷት ትንቀጠቀጣለች። አክስቴ በዚያን ቀን የደረቀውን ዳቦ ሁሉ በትናንሹ ቆራርሳ፣ በቀይ ሽንኩርትና በበርበሬ ቁሌት ፈትፍታ፣ ከላይ የአርሲ ቅቤ ጠብ አድርጋበት ነበር። ሽታው ቤቱን ሞልቶታል። እማዬ እግሯን ሳትታጠብ ገበታው ላይ ተቀመጠች። አንድ ጉርሻ ወሰደች። ሁለተኛውን ወሰደች። አባባና እኔ እናያታለን። ሳህኑ ሊያልቅ ሲል ቀና አለች።

«ይህ ዳቦ…»

«ከጓሮ በር ነው» አለች አክስቴ።

«ስለ በሩ አልጠየቅኩም» አለች እማዬ። «ይጨምሩልኝ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤታችን ሰላም ሆነ። የጓሮ መንገዱ ግን አልተቀየረም፤ አሁንም በአጥር መሐል ነበር የምንሄደው። ወይዘሮ የሺመቤትንም ብዙ ጊዜ እናገኛታለን። ሁልጊዜ «ለዶሮዎቼ ነው» ትላለች። ሁልጊዜም አክስቴ «እኛም» ትላለች። እኔ እነዚያን ዶሮዎች የማየት ጉጉቴ እየጨመረ ሄደ።

ግንቦት ላይ የሴቶቹ የማርያም ማኅበር ወይዘሮ የሺመቤት ቤት ሆነ። እማዬ ነጭ ቀሚሷን ለበሰች፣ አክስቴ ጸጉሬን እስኪያመኝ ጎንጉና ይዘውኝ ሄዱ። ቤቱ ንጹሕ ነው፤ ወለሉ ላይ ቄጤማ ተጎዝጉዟል። ሴቶቹ በአግዳሚው ዙሪያ ተቀምጠዋል። ጠላው ተቀዳ፣ ቄሱ ባርከው ሄዱ፣ የማኅበሩ ድፎ ተቆረሰ። እኔ ግን ከገባሁ ጀምሮ ዓይኔ በመስኮት ግቢው ላይ ነው። ጽጌረዳው አለ። ጎመኑ አለ። ዶሮ የለም።

ምናልባት ከቤቱ ጀርባ ይሆናሉ ብዬ ወጣሁና ዞርኩ። ቆጥ የለም፣ ኩስ የለም፣ አንዲት ላባ እንኳ የለም። ተመልሼ ስገባ ሴቶቹ ስለ ገበያ ያወራሉ። የፖስታ ቤቱ ሠራተኛ ሚስት፣ ወይዘሮ ጌጤ፣ «እንቁላል እኮ ጠፋ! ትናንት ገበያውን ዞሬ ዞሬ ባዶ እጄን ገባሁ» አለች።

እኔ ልረዳ ፈለግሁ። «እትዬ የሺመቤት ጋ አለ» አልኩ ጮክ ብዬ። «ዶሮዎቻቸው በየጠዋቱ ከፉርኖ ቤት ዳቦ ይበላሉ። ግን ፈልጌ አጣኋቸው። የት ናቸው?»

ወሬው ሁሉ አንድ ጊዜ ተቋረጠ። ወይዘሮ የሺመቤት ዶሮ እንደማትወድ ያልሰማ ሰው አሰላ ውስጥ አልነበረም። የጎረቤት ዶሮ ጎመኔን ጫረብኝ ብላ ስንቱን አስታርቁኝ አስብላለች። ወይዘሮ ጌጤ «የምን ዶሮ?» አለች። ሌላዋ ጎረቤቷን በክርኗ ነካ አደረገች። ወይዘሮ የሺመቤት የጠላውን ማንቆርቆሪያ እንደያዘች ቆማ ቀረች። አንገቷ ከታች ወደ ላይ እየቀላ ሲሄድ አየሁ። የሆነ ትልቅ ነገር እንደሰበርኩ ገባኝ፤ ምን እንደሆነ ግን አላወቅሁም። አክስቴ አፏን ልትከፍት ስትል እማዬ ቀደመቻት።

እማዬ ተነሳች። እጇ ነጠላዋን ጥብቅ አድርጎ ይዟል።

«ልጄ ነገሩን አላወቀችውም» አለች። «ዶሮ ያልነው እኛ ነን። እኔ ቤት ከፋሲካ ጀምሮ የምንበላው ያደረ ዳቦ ነው። በጓሮ በር ነው የሚገዛልኝ። ለቆርቆሮ ብዬ ነው። ሰው ቢጠይቅ ለዶሮ ነው እንላለን፤ አፋችን ደፍሮ ለራሳችን ነው ማለት አቅቶት። እትዬ የሺመቤት እኔን እንዳያሳፍሩ ብለው ነው አብረው ለዶሮ ነው ሲሉ የከረሙት።»

የባላምባራስ ልጅ ይህን ስትናገር ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም። አክስቴ አፏን እንደከፈተች ቀረች። ወይዘሮ የሺመቤት ማንቆርቆሪያውን አስቀመጠች።

«አይደለም፣ አስካለ» አለች ቀስ ብላ። «በእኔ ሰበብ አትዋሺ። እኔ ከአንቺ በፊት ነው የጀመርኩት።»

ከዚያ ከጥግ፣ ወይዘሮ ጌጤ ጉሮሮዋን ጠረገች።

«እኔስ ለውሻ ነው የምለው» አለች። «ማታ ማታ ነው የምሄደው። ውሻችን እኮ ከሞተ ቆይቷል።»

መጀመሪያ የሳቀችው አክስቴ ናት። ከዚያ ቤቱ በሳቅ ተናጋ። አንዷ ጠላዋን ደፋች፣ ሌላዋ ሆዷን ይዛ ቄጤማው ላይ ተቀመጠች። ወይዘሮ የሺመቤት ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና ትከሻዋ ይርገበገባል፤ ትሳቅ ታልቅስ ማወቅ አልቻልኩም። እማዬ ሄዳ አቀፈቻት፤ እማዬም ያንኑ ታደርግ ጀመር።

ወደ ቤት ስንመለስ ቁንጥጫ እየጠበቅሁ ከኋላ ከኋላ እከተላለሁ። አልመጣም። እማዬ ለአክስቴ በለሆሳስ እንዲህ ትላታለች፦ «ዳኛው አዲስ አበባ ሐኪም ቤት ከተኙ ከራርመዋል። ደመወዛቸው ቆሟል። እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገረችም፤ አሁን ሳቅፋት ነው የነገረችኝ።» እኔ አንድ ደመወዝ የሚባል ሰው በሐኪም ቤት ደጃፍ ዝናብ እየመታው ቆሞ ታየኝና አዘንኩለት። ቤት ስንደርስ እማዬ አገጬን ይዛ ቀና አደረገችኝ። ትቆጣኛለች ስል ግንባሬን ሳመችኝ። «ዳግመኛ ዶሮ ስትፈልጊ መጀመሪያ እኔን ጠይቂኝ» አለች።

ቆርቆሮው ሰኔ ሳይገባ መጣ። ለሳሎኑና ለመኝታ ቤቱ በቃ፤ ጓዳው ለጊዜው በሣር ተከደነ። አናጢዎቹ ሲመቱ ድምፁ ከሰፈሩ ጫፍ ይሰማ ነበር፤ ሞላ በእያንዳንዷ ምት ያጨበጭባል። በመጀመሪያው ትልቅ ዝናብ ሁላችንም ተነስተን ጣራውን አየን። አንዲት ጠብታ አልወረደችም። አባባ ወንድሜን ከነብርድ ልብሱ አንስቶ ታቀፈው።

አክስቴም ክረምቱ መንገዱን ሳይዘጋብኝ ልሂድ ብላ በቅሎዋን አስጫነች። እማዬ ልታስቀራት ብዙ ለመነቻት። «አሁን እኔ ምን አደርግላችኋለሁ?» አለች አክስቴ። «ድስቱም፣ ፍሙም፣ ቢላውም ያውልሽ።» ከበቅሎዋ ላይ ሆና ጎንበስ ብላ እማዬን ጉንጭና ጉንጯን ሳመቻት። እማዬ እስከ ሲሬ መውጫ ድረስ ሸኝታት ተመለሰች፤ ዓይኗ ቀልቷል።

በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ እማዬ ዳቦ መያዣውን አንስታ በሩ ላይ ቆማለች። እስከዚያ ቀን ድረስ የፉርኖ ቤቱን ጓሮ በዓይኗ አይታው አታውቅም፤ ሁልጊዜ ሌላ ሰው ነበር የሚሄደው። ነጠላዋን ወደ ዓይኗ ሳብ ታደርገዋለች፣ መልሳ ትለቀዋለች። እኔ ከኋላዋ ቆሜ እጠብቃለሁ። ያን ጊዜ አጥሩ ተንኳኳ።

ወይዘሮ የሺመቤት ነበረች። ባዶ መሶብ ይዛለች፤ ራሷ ላይ ምንም የለም፤ ጸጉሯ በንጽሕና ተሠርቷል።

«አስካለ፣ ምን ትገተሪያለሽ? ያደረው እንዳያልቅብን!» አለች።

«በየት በኩል እንሂድ?» አለች እማዬ።

«በመንገዱ ነዋ።»

ወጣን። በአጥሮቹ መሐል አልሄድንም፤ በዋናው መንገድ፣ መሐል መሐሉን። ሁለቱ እያወሩ፣ እየሳቁ፣ እኔ ከኋላቸው እየሮጥኩ። ያገኙትን ሁሉ በየስሙ እየጠሩ እንደምን አደርክ፣ እንደምን አደርሽ ይላሉ። አንድ ባለጋሪ ከኋላችን ደረሰና ፈረሱን ያዝ አደረገ።

«እመቤቶቼ፣ በዚህ ማለዳ ወዴት ነው?»

እማዬ ቀና ብላ፣ መንገዱ ሁሉ እስኪሰማ፣ «ያደረ ዳቦ ልንገዛ!» አለችው።

ባለጋሪው አለንጋውን ዝቅ አደረገና ከአጠገቡ ቦታ ለቀቀ።

«እንግዲያው ውጡ» አለ። «እኔም ወደዚያው ነኝ።»